የአምናው ሄንስፎርዝ

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። መስቀል ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ሐዘኑ ከብዶኝ ብቻ አይደለም፤ በምን ዓይኔ እንደማይህ ጠፍቶኝ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ አርፎ መቀመጥ ግን አሁንም አትወድም። በር ላይ የነበረችው ወንበርህ እዚያው ናት፤ ከዶሮዋ በቀር የሚደፍራት የለም። እኔ ዘንድሮ ወልቂጤ ውስጥ አንተ ባስተማርክበት ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በቀደም አንዲት ተማሪዬ ከአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ያንተን ቃል አግኝታ ትርጉሟን ጠየቀችኝ። ሄንስፎርዝ። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ወደፊት ማለት ነው አልኳት፤ በሕግና በውል ጽሑፍ ካልሆነ ዛሬ ሰው በአፉ አይናገራትም ብዬም ጨመርኩ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አንተ ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስቀል ዋዜማ፣ ትናገራት ነበር። እንደ አገሩ ሁሉ በእኛም ቤት የተጣላ ሳይታረቅ ክትፎ አይቀርብም፤ የእኛ ቤት ዕርቅ ግን ወረቀት ነበረው። ሁሉም ቅሬታውን ይናገራል፣ ይካሰሳል፣ ያለቅሳል፤ መጨረሻ ላይ አንዳንድ ቃል ይገባል። አንተም መነጽርህን አድርገህ እያንዳንዱን በሄንስፎርዝ ጀምረህ በእንግሊዝኛ ትጽፋለህ። እማዬ እንኳ አንድም ነገር ሳይገባት ትፈርም ነበር። ለምን በእንግሊዝኛ ስንልህ፣ በጉራጊኛ ተሰዳድበናል፣ በአማርኛ ተኳርፈናል፣ በእንግሊዝኛ ግን እዚህ ቤት ማንም ማንንም አላስቀየመም ትለን ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሄንስፎርዝ ሳህን አላጥብም ብዬ በር ላይ የለጠፍኩት ትዝ ይልሃል? ስቀህ ስቀህ ስታበቃ አጠገብህ አስቀመጥከኝ። ይህች ቃል ለኩርፊያ እንደማትሆን፣ የትናንቱን ዘግቶ ለሚነሳ ሰው እንደሆነች፣ የማያምኑበትን ነገር ከኋላዋ ማስከተል ነውር እንደሆነ ነገርከኝ።

አምና ለመስቀል አልመጣሁም። ወንድሜ ደጉ የጓሮውን እንሰት ነቅሎ ባሕር ዛፍ ሊተክል ተነስቶ ነበር። እኔም አያታችን የጀመሩትን ተክል ከነካህ ወንድሜ አይደለህም ብዬው ነበር። ላስታርቃችሁ ብለህ ስትጠራኝ የተማሪ ምዝገባ አለብኝ አልኩህ። ውሸቴን ነው፤ ምዝገባው ካለቀ ሰንብቷል። ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ። ደጋግመህ ስትደውል ሰለቸኝና በስልክ አንድ መስመር ላክኩልህ፤ ሄንስፎርዝ ከደጉ ጋር ቂም የለኝም የሚል። ቂሙ ግን ከነትኩሳቱ ነበር። ልጅህ፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ፣ የቃሏን ክብደት ካንተ አፍ የተማርኩት እኔ፣ ስልኩ ዝም እንዲልልኝ ብዬ ጻፍኳት።

አንተም አመንከኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየህም። በቀብርህ ዕለት ከደጉ ጋር ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን፣ ፊቱን ግን አላየሁትም። እስከ ዛሬም ሲደውል አላነሳለትም።

ባለፈው እሑድ እማዬን ልጠይቅ አገር ቤት፣ ቸሃ ሄድኩ። እንሰቱ እንዳለ ነው። ያረጀው በተነሳበት ሁሉ ለጋ ለጋው ተተክሏል። የተከለው ደጉ ነው አለችኝ እማዬ። ወረቀቱንም ከመጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። የላክኩልህን መስመር በእጅህ ገልብጠህ፣ ለተሰበሰበው ሁሉ አንብበህለት ኖሯል። ደጉም ሲሰማ አልቅሶ ከሥሩ የራሱን አስጽፏል፤ ሄንስፎርዝ እንሰቱን አልነካም ብሎ። ስልኩን ሳላነሳለት ስቀር እንኳ፣ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ እሷ ታርቃኛለች እያለ ለእማዬ ያስረዳልኛል።

አባዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። ብነግረው ሊቀየመኝ፣ እንሰቱንም ሊነቅለው ይችላል። አልፈርድበትም፤ ቃሉን የሰጠው የእኔን ቃል አምኖ ነው። ዝም ብል ደግሞ በየመስቀሉ አንተንም እሱንም እንደገና እዋሻችኋለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ አንተን ይቅርታ ሳልጠይቅህ መቅረቴ ነው። ያስተማርከኝ ቃል ከዛሬ ወዲያ ላለው ነው፤ እኔና አንተ ደግሞ ከዛሬ ወዲያ የለንም።

የመስቀል ዋዜማ እመጣለሁ። ዶሮዋን አባርሬ ከወንበርህ አጠገብ መሬት ላይ እቀመጥና፣ አምና የላክኩት ውሸት እንደነበር ለደጉ በእማዬ ፊት እነግረዋለሁ። እየፈራሁ ነው። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከእሱ መስመር በታች ባዶ ቦታ ተርፏል። ደጉ ይሁን ካለኝ በአንተ ቃል ጀምሬ፣ በዚህች እጄ፣ ፊቱን እያየሁ እጽፋለሁ። እምቢ ካለኝም ወረቀቱን ከነባዶው እይዘዋለሁ። ባየሁት ቁጥር አንተን አስታውሳለሁ፤ ያቺን ውሸቴን በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፍህ እውነት ነው ብለህ መገልበጥህን እስክሞት አልረሳም።

ልጅህ