ሁለተኛዋን ስንኝ ስላስቀሩብን

ለተከበሩ አቶ ዳውድ
የዓርብ ከሰዓት የግጥም ንባብ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ካርቱም፣ ቡሪ
የካቲት 1990 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ባለፈው ዓርብ እጅግ ለደከመው ጉሮሮዎ አላህ ዓፊያውን ያውርድልዎ። እኔ ረሺዳ እባላለሁ፤ እዚሁ ቡሪ በሰው ቤት የምሠራ የወሎ ልጅ ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ፣ መድረኩ ላይ እጄን ጨምቀው ይዘው ለፎቶግራፍ ያቆሙኝ ሴት ነኝ። ጉዳዬን ለኮሚቴዎ ባቀርብ «ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን» የሚል የበሰለ ምላሽ ስለተሰጠኝ፣ ጆሮም ለባለቤቱ ባዳ ስለሆነ፣ ከጀርባዎ የሚወራውን ከእኔው ይስሙት ብዬ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ስለ አዳራሹ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ግጥም የምንባባለው በእትዬ ኒዕማ ግቢ፣ ግድግዳ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ነበር። አንዷ በግጥም ስትጠይቅ ሌላዋ በግጥም ትቀበላት ነበር። ማን አዲስ እንደመጣች፣ የማን አሠሪ ፓስፖርቷን እንደደበቀባት፣ የማን እናት አገር ቤት እንደታመመች የምንሰማው እዚያ ነበር። ስልኩ የእመቤቶቻችን ነው፤ ፖስታ ሣጥን የለንም፤ የነበረን ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። እርስዎ ግን በእኛ ኋላ ቀርነት አዝነው የፕላስቲክ ወንበርና ማይክሮፎን ሰጡን፤ ወንበሩ ይመቻል።

2ኛ. በሩ ላይ ስለለጠፉት ደንብም እንዲሁ። «ታዳሚ ከማጨብጨብ በቀር ድምፅ ማሰማት አይፈቀድለትም፤ ዝም አይነቅዝም» ይላል። ውጭ አገር ለአጭር ኮርስ በሄዱበት ወቅት የሠለጠነ ሰው ግጥም ሲሰማ ትንፋሹን ውጦ እንደሚቀመጥ አይተው መመለስዎን ነግረውናል። እውነትዎን ነው። ምናልባት እዚያ አገር ግጥም የሚያነበው ሰው እህት አልጠፋችበትም ይሆናል።

3ኛ. ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። ዘሊካ ታናሽ እህቴ ናት። እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ቤት ትሠራ ነበር፤ ዓርብ ዓርብም እንገናኝ ነበር። ከረመዳን በፊት አንድ ዓርብ ቀረች፤ በሚቀጥለውም ቀረች። ቤቱ ድረስ ሄጄ ባንኳኳ የማላውቃቸው ሰዎች ከፈቱልኝ። አሠሪዎቿ ዕቃቸውን ጭነው፣ እሷንም ይዘው ሌላ ሰፈር ገብተዋል። ዘበኛው «ወላሂ ማ ባዕሪፍ»፣ በአላህ አላውቅም፣ ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም። ፖሊስ ዘንድ እንዳልሄድ ኢቃማዬ ጊዜው አልፏል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እህቴን ስፈልግ እኔው ልታሰር ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓርብ መድረክዎ ላይ ወጥቼ፣ የዘሊካን ስም ጠርቼ፣ እንደ ወጋችን በግጥም ጠየቅሁ፦

እመቤቷ ወጡ ዕቃቸውን ጭነው፣
እህቴን አብረው ጫኗት፣ ሰፈሯ ወዴት ነው?

ከኋላ ወንበር አረንጓዴ ቶብ ከራሷ እስከ እግሯ የተከናነበች፣ አይቻት የማላውቃት ሴት ተነሣችና እንዲህ ብላ ተቀበለችኝ፦

ዘሊካን አየኋት በካርቱም ሁለት ሳልፍ፣

ሰውነቴ በሙሉ ጆሮ ሆነ። «ለምን ቶሎ ብላ በተራ ቃል አልተናገረችም?» ይሉኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ በግጥም የጠየቀን ሰው በተራ ቃል መመለስ ሰላምታን እንዳልሰሙ እንደማለፍ ነውር ነው። ምስኪኗ አክብራኝ ነው። ትንፋሽ ወስዳ ሁለተኛዋን ስንኝ ልታወርድ አፏን ስትከፍት፣ ክቡርነትዎ ጠረጴዛውን በጥፊ መትተው «ያ ቢት፣ ኡስኩቲ!» ብለው ጮኹባት። ሌላው ደንብዎ ግጥማችን ከዐረብኛ ቃል የጠራ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ዐረብኛ የተፈቀደው ሴት ዝም ለማሰኘት ብቻ መሆኑን በዚያች ቅጽበት ተማርኩ፤ ለትምህርቱም ባለዕዳዎ ነኝ።

በር ጠባቂው ኢዝዲን «ያላ ኻልቶ፣ ያላ፣ ሥርዓት ነው» እያለ፣ እንደ አክስቱ ጠርቷት፣ ክንዷን ይዞ አወጣት። በእሱ አልፈርድም፤ እናቱ የአገራችን ሰው ብትሆንም ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፣ ወጋችንን ከየት ያውቀዋል? የታዘዘውን ሠራ። እርስዎ ግን ያውቁታል፤ እንደ እኔው የወሎ፣ የወረባቦ ሰው ነዎት።

ከመድረኩ ልወርድ ስል እጄን ያዙኝ። የጋበዟቸው የክብር እንግዳ ላነበብኩት ግጥም የምስክር ወረቀት ሊሰጡኝ ስለነበር ፎቶግራፍ አንሺው እስኪያስተካክል ድረስ አለቀቁኝም። ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ፤ አፌ በሰፊው ተከፍቷል። ያዩት ሁሉ በደስታ የሳቅሁ መስሏቸዋል። እኔ «ጠብቂኝ!» እያልኩ ነበር የምጮኸው፤ ጭብጨባው ዋጠው። ስወጣ ሴትየዋ የለችም። ኢዝዲንም የሆነው ሲገባው እስከ ሚኒባሱ ፌርማታ አብሮኝ ሮጠ፤ አልደረስንባትም። ጓደኛዬ መሪማ ስታጠያይቅ፣ ሴትየዋ ለሠርግ ከመጡ አሠሪዎቿ ጋር ከፖርት ሱዳን የመጣች እንደነበረች፣ በማግስቱም እንደተመለሰች ሰማች። ስሟን የሚያውቅ አልተገኘም።

4ኛ. ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ሄጄ በር ለበር ጠየቅሁ። አንዱ በር ላይ የወጣ ሰውዬ ስለ እህቴ ስጠይቀው ስለ ኢቃማዬ ጠየቀኝ፤ ሮጥኩ። አሁን የቀረኝ ያቺ ግማሽ ግጥም ናት። ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ስተኩስ በ«ፍ» የሚያልቅ ቃል ስፈልግ እውላለሁ። «ስታራግፍ» ልትል ከነበረ፣ እህቴ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ አይታታለች፤ ደህና ናት። «ደጃፍ» ልትል ከነበረ፣ ቤቱን ታውቀዋለች። «ስትደገፍ» ከሆነ ታማለች። «ነፍሷ ልታልፍ» ከሆነ ደግሞ መጨረስ አልችልም። እናታችን ከደሴ «የዘሊካ ድምፅ ምነው ጠፋብኝ?» ብላ አስጽፋ በሰው እጅ ልካብኛለች። ከእነዚህ ቃላት የትኛውን እንደምጽፍላት የሥነ ጽሑፍ ኮሚቴዎ ቢመርጥልኝ ውለታው አይረሳኝም።

5ኛ. እስካሁን በትሕትና ጻፍኩ፤ አሁን ግን መናደዴን ልንገርዎ። አንጀቴ አርሯል። እኛ ሳምንቱን በሙሉ ዝም የምንል ሴቶች ነን። በሰው ማድቤት «ሓድር»፣ እሺ እመቤቴ፣ ከማለት ሌላ ቃል ሳይወጣን እንውላለን፤ ስንሰደብ ዝም፣ ደሞዝ ሲያልፈን ዝም፣ ስንታመም ዝም እንላለን። ዝምታን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለና ነው እርስዎ አስተማሪ ሆነው የመጡብን? አፋችንን የምንከፍትባት አንዲት ከሰዓት ነበረችን፤ እሷንም መጥተው ዘጉብን። እንግዳዎ ፊት የሠለጠኑ ለመምሰል ብለው እህቴን ለሁለተኛ ጊዜ አጠፉብኝ። የመጀመሪያዎቹስ ባዕድ ናቸው፤ አያውቁኝም።

ልመናዬ ጥቂት ነው። ደንቡ ከበሩ ላይ ይነሣልን፤ ፖርት ሱዳን ካሉት ወዳጆችዎም አንዱ አረንጓዴ ቶብ ለብሳ ለሠርግ ካርቱም የመጣችውን ሴት ያፈላልግልን። ለክብር እንግዳ የሚሆን ሰው ከየትም የሚያገኙ ሰው ይህ አያቅትዎትም።

ወንበር ስለሰጡን፣ ማይክሮፎን ስለሰጡን፣ ስሜ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ስለሰጡኝ፣ በምትኩም አንዲት ስንኝ ብቻ ስለወሰዱብኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የደንብዎ አክባሪ፣ የጭብጨባዎ ተቀባይና የዘሊካ እህት ሆኜ እሰናበታለሁ።

ረሺዳ
ቡሪ፣ ካርቱም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ዓርብ እትዬ ኒዕማን ጨምሮ እኛ ሴቶቹ ወደ አዳራሹ አንገባም። ከበሩ ውጭ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር እንቆማለን። እኔ እጠይቃለሁ፤ የምታውቅ ትመልሳለች፤ እስክትጨርስም እንሰማታለን። ውስጥ ያሰቡት ፀጥታ ሙሉ በሙሉ ይሟላልዎታል፤ ከወንበሮቹ ጋር መልካም ጉባኤ ይሁንልዎ። ምናልባት ከእንግዶችዎ አንዱ ዘሊካን አይቷት እንደሆነ ግን በግጥም ባይሆንም ግድ የለም፤ ብቻ ይውጣና ይንገረኝ።