የጎልቦ ወተት

ለእትዬ ፈቲያ፤ ሰላምታዬ ከሞያሌ እስከ ካምፓላ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ለእረፍት አንቺ ጋ እንመጣለን ያልነው አልቀረም። እኔና ባሌ ጎልቻ፣ ወንድሙ ሻሪፍና ገና በቅርቡ የተዳረችው ሚስቱ ኮኪ ነን። ኮኪ አርግዛለች፤ ስለዚህ ቀኑንም ባሱንም የምትመርጠው እሷ ናት። አማቴ ከጎልቦ ቆላ ለእኔ ይልኩት የነበረውን የግመል ወተት እንኳ አሁን ለእሷ ነው የሚልኩት። ትጠጣው! እኔ ወተት ብዙም አልወድም።

ሰኞ ለጉዞው የቢጫ ወባ ክትባት ልንከተብ ሄድን። ነርሷ ኮኪን "እርጉዝ ነሽ?" አለቻት። አዎ ስትላት፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ብላ ወረቀት ጻፈችላት። ኮኪ ወረቀቱን እንደ ሽልማት ይዛ ወጣች። እኔ ስገባ ነርሷ ምንም ሳትጠይቅ እጅጌዬን ሰበሰበች። ክንዴን መንጭቄ "እኔንስ አትጠይቂኝም?" አልኳት። ደንግጣ ጠየቀችኝ። "ነኝ" አልኳት፤ ውሸቱ ከአፌ አመለጠኝ። ለእኔም ጻፈችልኝ።

ጎልቻ ወረቀቱን ካየ ጀምሮ ሲያፏጭ ይውላል። ለእናቱም ደውሏል። ነገ ወተቱን ራሳቸው ይዘውልኝ ይመጣሉ።

እትዬ፣ በዱዓሽ አትርሺኝ። ልጆችሽን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ ቀመር