አማና፣ ስለ ሌላው ስምሽ

…ክሩን በጥርስሽ ይዘሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተሽ ነበር የጠየቅኩሽ። የክርስትና ስምሽ ማን ነው? ክሩን ከአፍሽ ሳታወጪ ፈገግ አልሽ። ልትነግሪኝ ነበር። እርግጠኛ ነኝ፣ ትከሻሽ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ልክ ያን ጊዜ ዚፑ የተበላሸ የተማሪ ቦርሳ የያዘች ሴት ገባችና

እማዬ፣ ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነን። የሴትየዋን ፊት አሁንም አስታውሳለሁ። ቦርሳው ቡናማ ነበር። ጥያቄውን ግን መልሼ አላነሳሁትም። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖርን፣ አንድም ቀን አላነሳሁትም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ግሽጣዋ ዘንድሮ ከልክ በላይ አፈራች፤ ግማሹን ወፎች በሉት፣ ግማሹን ለጎረቤት አዳረስኩ። ወንድሜ ዳዊት ከድሬዳዋ መጥቶ የበረንዳውን ቆርቆሮ ቀየረው። አሁን ዝናብ ሲመጣ ድምፁ ሌላ ነው፣ ሰው ቤት እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል። መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ፣ ያንቺን ቦታ አንድ ወጣት ሰፊ ይዞታል። ትሁት ልጅ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ እኔም እንዳይነሳ ብዬ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። የስፌት መኪናሽን ቤት አምጥቼ በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። አንዳንዴ አንሶላውን ገልጬ ፔዳሉን አንዴ ብቻ ረገጥ አደርጋለሁ። ከዚያ መልሼ እሸፍነዋለሁ።

እኔ እዚያው ወሳኝ ኩነት ቢሮ ነኝ። ልደት እጽፋለሁ፣ ሞት እጽፋለሁ። የሞት ምስክር ወረቀትሽን የጻፍኩትም ራሴ ነኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ልጻፍልሽ ብላኝ እንቢ አልኳት። ስም፣ አማና። ቅጹ ላይ ለሁለተኛ ስም የሚሆን ክፍት ቦታ የለም። ደስ አለኝ። ቢኖር ባዶውን ነበር የምተወው።

ቄሱ ግን ጠየቁኝ።

ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ነው። ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ በቀስታ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነው አሉኝ። የድሮው የንስሐ አባትሽ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፣ አዲሱ ቄስ አያውቁሽም። የክርስትና እናትሽ እኔ ሳልወለድ ሞተዋል። አባዬ ያውቅ እንደነበር እንጃ፤ እሱም ቀድሞሽ ሄዷል። ዳዊትን አየሁት። እሱ እኔን ያያል። ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሞ ይጠብቃል።

ወለተ ማርያም፣ አልኳቸው።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ምናልባት ብዙ ሴት የሚጠራበት ስም ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በሚሄድበት መንገድ ብትሄጂ አትጠፊም ብዬ ይሆናል። ፍትሐትሽ በዚያ ስም ተደረገ። አርባሽ በዚያ ስም ወጣ። ሰማንያሽም። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር መሬት አያለሁ።

ከዚያ ወዲህ የማስበው ይህን ነው። የሆነ ቦታ አንዲት የማላውቃት ወለተ ማርያም አለች፣ ይህ ሁሉ ጸሎት ማን ላከልኝ ብላ እየተደነቀች። አንቺ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ ሆስፒታል ተራ እንደምትጠብቂው ትጠብቂያለሽ። ስም ይጠራል። ያንቺ አይደለም። ሌላ ይጠራል። ያንቺ አይደለም። አንቺ ደግሞ ተነስተሽ የምትጠይቂ ሰው አይደለሽም፣ አውቅሻለሁ።

ለዳዊት በስልክ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «እግዚአብሔር ሰፊዋን አማናን ከማን ጋር ያምታታታል? ከሐረር እስከ ድሬ አማና የምትባል ሌላ ክርስቲያን አሳዪኝ» አለኝ። ከዚያ፣ «ለማንኛውም ጠይቂ እስቲ» ብሎ ዘጋው።

እውነቱን ነው፣ ሌላ አልነበረም። ያን ስምሽን የማያውቅ የለም፣ ለምን እንደወጣልሽ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። አንቺ ራስሽ ስትጠየቂ፣ «አዴ ሩቅያ ናቸው ያወጡልኝ» ብለሽ ወደ ስፌትሽ ትመለሺ ነበር። እንደ እናት አዴ የምትያቸው ጎረቤት ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ ይወዱሽ ነበር፤ እኛም በቃን፣ ከዚያ አላለፍንም። ትምህርት ቤት መምህሩ ስም ሲጠሩ አንቺ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው፣ «አንቺ ልጅ የፋሲካ ነሽ የኢድ?» እያሉ ያስቁብሽ ነበር አሉ። አንቺም «የሁለቱም» ብለሽ ትቀመጫለሽ። ሐሰት አልነበረም። አዴ ሩቅያ ቤት ያንቺ የጾም ድስት ለብቻዋ መደርደሪያ ላይ ነበረች፣ ሥጋ ነክቷት የማያውቅ። ይህን ደጋግመሽ ነግረሽናል። ስለ ድስቷ ነግረሽናል።

እኔ በምሠራበት ቢሮ የስም ወረት አያለሁ። ክርስቲያኖቹ አሁን ኤልዳና ይላሉ፣ ናታን ይላሉ። ሙስሊሞቹ ሂባ፣ ረያን። አንዱ ስም እንደ ጉንፋን ይመጣና በየቤቱ ይገባል፣ ከዚያ ይጠፋል። አማና በመዝገቤ አልነበረም። በግንቦት ግን አንድ ሰው ከድሬ ጠያራ መጣ፣ የጫት ገበሬ ነው፣ እጁ አፈር አፈር ይላል። የልጅቷ ስም? አልኩት። አማና አለ። እስክሪብቶዬ ቆመ። በእናንተ መንደር የተለመደ ስም ነው ብዬ ጠየቅኩት። የለም አለ፣ መንደራችን ውስጥ የመጀመሪያዋ ናት። መኪና ግርግር ላይ አንዲት ክርስቲያን ሰፊ ነበረች፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሳለች አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አሰፋችላት፣ ሦስተኛው ጊዜ ጨርቅ ሲያልቅባት ከራሷ ቀሚስ ጫፍ ቆርጣ ቀጠለችበት፤ ብንመለስ አጣናት፣ ሞታለች አሉን።

ልጇ ነኝ አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩት አላውቅም። ስሙን ጻፍኩ፣ አንዴ አይቼ ደግሜ አየሁት፣ ማኅተም መታሁ።

በማግስቱ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። አንድ የገበሬ ልጅ በስምሽ እየተጠራች አንቺ ግን በሰው ስም መቅረትሽን መሸከም አቃተኝ። አባ፣ ዋሽቻለሁ አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ አልተቆጡም። «ወለተ ማርያምን ከየት አመጣሻት?» ብለው ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ግን፣ «እሱ አይሳሳትም ልጄ፤ እኔ ግን የማላውቀውን ስም ልጠራ አልችልም። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ» አሉኝ።

የሚያውቅ ሰው። ከአንቺ በፊት የተወለደ፣ ዛሬም ያለ ሰው ፈለግሁ። ስም እያነሳሁ፣ ሞተዋል፣ ሞተዋል፣ እያልኩ ሄጄ አንድ ሰው ብቻ ቀሩኝ። የአዴ ሩቅያ ልጅ፣ አዴ ፋጡማ።

በሸዋ በር ገብቼ ወደ ድሮው ሰፈራችን ወረድኩ። መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎበት አምሯል፣ ግድግዳዎቹ ተቀብተዋል፤ የኛ የነበረውን ቤት ሳላየው አልፌው ተመለስኩ። አዴ ፋጡማ መደቡ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ሰላምታዬን ሰምተው፣ «የአማና ልጅ ናት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ልብስ ለምታጥበው ምራታቸው እየነገሩ። አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው አልደነገጡም። «ሱብሃነላህ፣» አሉ፣ «የሰው ሁሉ ስም ጸሐፊ ሆነሽ የእናትሽን ስም ከእኔ ትለምኛለሽ?»

ቀልድ ነው። ግን እጄን ጠበቅ አድርገው ነው ያሉት።

የነገሩኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። ምናልባት ታውቂዋለሽ። እኔ አላውቀውም ነበር።

አያቴ ከአንቺ በፊት ሦስት ልጅ አቅፋ ሦስቱንም ቀብራለች። አንቺ የተወለድሽ ዕለት አላቀፈችሽም። በጨርቅ ጠቅልላ በመስኮት አወጣችሽ። በበር የወጡት አልተመለሱማ፣ አሉ አዴ ፋጡማ። ውጭ አዴ ሩቅያ ቆመው ነበር፤ ተቀብለው፣ ዞረው፣ በበር ይዘውሽ ገቡ። «ይቺ ልጅ የኔ ናት፣ አንቺ ጡት አጥቢልኝ» አሏት። አዴ ፋጡማ የሰባት ዓመት ልጅ ናቸው ያን ጊዜ፤ ከእናታቸው ቀሚስ ኋላ ሆነው አይተዋል። ልጅቷ የአዴ ሩቅያ ከሆነች ስም ማውጣቱም የእሳቸው ነው። አማና አሉሽ። አደራ፣ ሰው ሰውን አምኖ የሚያስቀምጠው፣ በአላህ ፊት የተቀበሉት፣ ባለቤቱ ሲመጣ የሚመለስ ነገር።

ይህ የመጀመሪያው ስምሽ ነው።

በሰማንያ ቀንሽ ቤተ ክርስቲያን ወስደው አስጠመቁሽ። ስትመለስ አያቴ ቤቷ አልገባችም። አንቺን እንዳዘለች በቀጥታ አዴ ሩቅያ ቤት ሄዳ፣ የተሰጠሽን የክርስትና ስም በጆሮአቸው ነገረቻቸው። እኔ ቤት አይጠራም፣ አንቺ ያዢልኝ አለቻቸው። «ሞት የእኔን ቤት ለምዶታል። አንቺ ዘንድ መጥቶ ግን የክርስቲያን ስም አይፈልግም።»

አዴ ፋጡማ ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አዴ ሩቅያ ለአንቺ የነገሩሽ የሠርግሽ ዕለት ነው፣ ያን ጊዜ ሞት እንደማይፈልግሽ አመኑ። ራሳቸው ሲሞቱ ደግሞ ለልጃቸው ሰጡ። አዴ ፋጡማ ይህን ያህል ዘመን ይዘውታል። «በአፌ አልጠራሁትም፤ በልቤ ስጠራው ምላሴ የተጠማዘዘ ይመስለኛል፣ ግን ወላሂ አልጠፋብኝም» አሉ።

ቀብርሽ ዕለት ከአጥሩ ውጭ ከሴቶቹ ጋር ቆመው ነበር። በድምፅ ማጉያው ሌላ ስም ሲጠራ ሰምተዋል። እማዬ፣ ሰምተዋል። «አስተግፊሩላህ አልኩ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ፤ እናንተ ልጆቿ ናችሁ። ደግሞስ በናንተ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ቄሱ ተሳስተዋል ልበል?» ከዚያ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጡ። «ትጠይቀኛለች ብዬ። አንቺ ሻይ ይዘሽ መጣሽ። ስኳር ልጨምርልዎ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ።»

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

«ሳትጠይቂኝ? አማና ነው እኮ።»

አሥራ አንድ ወር እሳቸውም አልተኙም። አላሉኝም፤ ግን እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር፣ አወቅሁት።

ስለዚህ እማዬ፣ ሙት ዓመትሽ ሃያ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ያን ቀን በስምሽ ትጠሪያለሽ። ለቄሱ ነግሬአቸዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስደግመውኝ ሦስተኛ እሳቸው ራሳቸው አሉት። ወለተ ማርያምንም እንዳይተዋት ለመንኳቸው፣ ለምዳናለች። አዴ ፋጡማ ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ፣ እኔ እወስዳቸዋለሁ፣ በድምፅ ማጉያው ይሰሙታል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ እኔም ያንቺ እናት የልጅ ልጅ ነኝ፣ ፍርሃቷ ትንሽ ደርሶኛል። በየጠዋቱ አንዴ በልቤ እጠራዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ። አይጠፋብኝም። ስሸመግል ለአንድ ሰው እነግራለሁ። ለማን እንደሆነ ገና አላውቅም። እሱ ያስጨንቀኛል፣ ግን ከበፊቱ ጭንቀት ይሻላል።

የነገሩኝ ጊዜ እንዲህ ነበር። ቅረቢ አሉኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን ሰጠኋቸው። ግቢ ውስጥ ምራታቸው ባልዲ ትደፋለች፣ የጎረቤት ሬዲዮ ያወራል። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ደረሰ። ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ቆመ።

«በሩን» አሉኝ።

ተነስቼ ዘጋሁት።