ሠላሳ ዘጠነኛው ተማሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ።
የዛሬውን የእንግሊዝኛ ትምህርት በድምፅ ቀድቼ ቴሌግራም ላይ ለቅቄያለሁ። አምስት ጊዜ ቀድቼ አራቱን አጠፋሁ። ማን እንደሰማ እያየሁ ነው። ማስታወሻዬ፣ አንድ ነገር አልጣመኝም። የክፍሌ ተማሪ 38 ነው። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ግን፣ እኔን ሳይጨምር፣ 39። ትርፉ ስም የለውም፤ ነጥብ ብቻ። ምስሉ ቀይ አበባ። ድምፄን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም።
ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ሰኞ፣ እረፍት ሰዓት።
የክፍል አለቃዋን ጠየቅኋት። ቲቸር፣ ሊንኩን ለማንም አልሰጠንም አለች። ስትመልስልኝ ዓይኔን አላየችም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ባለፈው ስብሰባ የስልኩን ትምህርት ሳላሳውቃችሁ እየገባሁ አያለሁ ብሎ ነበር። እሱ ነው። ወይ የላከው ሰው። እኔ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማርኩ ነኝ፤ ወጣቶቹ መምህራን ከቪዲዮ የለቀሙት አነጋገር የለኝም። ክፍሉን ቢቀሙኝስ? እፈራለሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

ረቡዕ፣ 12። 11 ሰዓት ተኩል፣ ቤት።
ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ድረስ አውቶቡስ ላይ ቆሜ መጣሁ። ለባለቤቴ ለአልማዝ ስለ አበባው ነገርኳት። መማር የፈለገ ሰው ይሆናላ፣ ምን አስጨነቀህ አለችኝ። መማር የፈለገ ሰው ይደበቃል ወይ አልኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።
ወሰንኩ። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ እስከ ዓርብ 9 ሰዓት እያንዳንዱ ስለ ቤተሰቡ በእንግሊዝኛ ተናግሮ ድምፁን ይላክ። ያልላከ ይወጣል። እስቲ ሰላዩ አፉን ይክፈት።

ዓርብ፣ 14። ምሳ ሰዓት፣ ት/ቤት።
38ቱም ልከዋል። አበባው የለም። ም/ር/መምህሩ ኮሪደር ላይ ሰላም ሲለኝ ፈገግ አለ። ምን ያስቀዋል?

ዓርብ፣ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል።
ላከ። ላከች።
የአልማዝ ድምፅ ነው።
የልጃችን አሮጌ ስልክ እሷ ጋ መሆኑን እንኳ ረስቼው ነበር። ሊንኩን ከእኔው ስልክ ወስዳ ይሆናል። ቀስ ብላ፣ እየቆመች፣ ቃል እየፈለገች ትናገራለች። ስሟን አልጠራችም። ስለ ልጃችን፣ ስለ ሰፈሩ። ከዚያ ባሌ መምህር ነው አለች። ተማሪዎቹ ሲሳሳቱ አይስቅባቸውም፤ እኔ ስሳሳት ግን ስቆብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም።
አምና ነው። እንግዶች ፊት። እሷ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ሞከረች፣ እኔ አነጋገሯን ደግሜ አሾፍኩባት፣ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም ከእኛ ጋር ስቃ ነበር። የተጫወትን መስሎኝ። አፈርኩ፣ ማስታወሻዬ።
ልጆቹ ሰምተውታል። ባልየው እኔ መሆኔን አያውቁም። አለቃዋ የጭብጨባ ምልክት ልካለች። መሰረዝ እችላለሁ። ጣቴ ላዩ ላይ ነው።
አልሰርዝም። ለሌሎቹ እንደማደርገው እርማት ልልክላት መቅጃውን ተጫንኩ። ሦስቴ ጀመርኩ፣ ሦስቴም አጠፋሁት።
ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ በእንግሊዝኛ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። አልማዝን በአማርኛም ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም።
እርማቱ ይቆይ። ክፍል እንዳለቀ ታክሲ ይዤ ቤት እሄዳለሁ።