«እባክዎ ይጠብቁ» ስለምትለው ክብ

ይድረስ ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ማዕከሉ የቀጠሮ ድረ ገጽ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ዓይንዎስ? ሁለቱም ደህና እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ስለ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ላስቸግርዎ ነው። በድረ ገጻችሁ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የምትሽከረከረው ክብ ቀለሟ ፈዛዛ ስለሆነ ታላቅ እህቴ ልታያት አልቻለችም። እርግጥ እህቴ እኔንም ማየት እያቃታት ነው፤ ቀጠሮ የፈለግነውም ለዚሁ ነው።

አንደኛ፣ ክቧ ጥቂት ዞራ «ቀጠሮዎ ተይዟል» ስላለችን እናመሰግናለን። እህቴ ለቀዶ ሕክምናው ቁርስ ሳትቀምስ፣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ክንዴን ይዛ መጣች። እንግዳ ተቀባይዋ ስሟን ፈልጋ አጣችውና ቀኑ ቀድሞ መሙላቱን ነግራን፣ እንደገና በድረ ገጹ እንድንሞክር መከረችን። ደረጃውን ስንወርድ እህቴ ያን ሁሉ ኮምፒውተር የተማርኩት እሷን በባዶ ሆዷ ላንከራትትበት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ሁለተኛ፣ ድረ ገጹ የሚሠራበትን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ስላደረጋችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የኮምፒውተር ነገር ከዚህም ከዚያም የቃረምኩ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ጥፋቱን በቤቴ ኬብል ላይ ጥዬ፣ ደህናውን ኬብል ቀይሬው ነበር። ኋላ ግን የቀጠሮ ጥያቄ የሚቀበለውን ክፍል አነበብኩት። የመረጃ ቋቱን «መዝግብ» ብሎ ያዝዝና መልሱን ሳይሰማ ለታካሚው «ተይዟል» ይላል። ቋቱ «ቀኑ ሞልቷል» ብሎ ሲመልስ ሰሚ የለም። ስህተት የሚይዝ መረብ መዘርጋታችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ስህተቱ የሚወድቀው መረቡ ከታጠፈ በኋላ ነው። ከትእዛዙ ፊት የጎደለችው አንዲት ቃል ስትሆን ትርጉሟም «ጠብቅ» ነው። ለእኛ በትልቁ የጻፋችኋትን ቃል ለራሳችሁ መጻፍ ረስታችኋል።

ሦስተኛ፣ ማስተካከያውን ልኬላችሁ «በመታየት ላይ ነው» ተብያለሁ። በማን ዓይን እንደሚታይ ባላውቅም በእህቴ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ከዚህ ወዲያ በየጠዋቱ ቅጹን እየሞላሁ ክቧን ከማየት በቀር የማደርገው የለኝም።

ክቧ እንዳታመልጠኝ ከወንበሬ ሳልነሳ እጅ የምነሳዎ፣
የታካሚዋ ታናሽ ወንድም፣ ኮምፒውተር ሲበላሽ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ አጎት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል በሬ ተንኳኳ። ብቻዋን መውጣት የተወችው እህቴ ግድግዳ እየዳሰሰች እኔ ቤት ድረስ መጥታ፣ መዳፏ ኖራ እንደነካው ደጃፌ ላይ ቆማለች። የድረ ገጹ ሰውዬ መልስ ሰጠ ወይ ትለኛለች። ከእርስዎ የተማርኳትን አልኳት፤ እባክሽ ጠብቂ።