አባባ ተኝቷል አትበለኝ

ለውድ ወንድሜ ለጋሽ መሳፍንት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ዝናቡንም ባሕሩንም ተሻግሮ ወንጂ ድረስ ይድረስህ። ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ትራስ ደርበህ ነው የምትቀመጠው? እትዬ አጸደ እንዴት ናት? ልዕልትዬስ፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ጎረቤቱ ሁሉ፣ የጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ ኤርፖርት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው እናትና የሰው አባት በዊልቸር ስገፋ እውላለሁ። ቡሪየን ያለችው ክፍሌም እንዳለች አለች።

አባባስ እንዴት ነው? ይህን ከሌላው ለይቼ የጠየቅሁህ አውቄ ነው። "ደህና ነው፣ ተኝቷል" ብለህ እንዳትመልስልኝ። ከገና ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። በስልክ ስጠይቅህ ቶሎ ብለህ ወሬ ትቀይራለህ፤ ያም ካልሆነ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ፤ ወረቀት አይቆራረጥም። ወንድምአገኝ ማክሰኞ ወደ አገር ቤት ስለሚበር በእጁ ልኬዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መሃል ላይ ተናደህ እንዳታጥፈው።

በየካቲት ሜክሲኮ ሄጄ እንደነበር ታውቃለህ። ፎቶውን አይተህ "እናንተማ ዓለማችሁን ቀጫችሁ" ብለህ ስቀህብኛል። ከፎቶው ጀርባ ያለውን ግን አልነገርኩህም። የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ከጸሎት ቤት የማትለየኝ ጓደኛዬ አገሬ፣ እና የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ሃሴት። አገሬ የአዳማ ልጅ ናት። ኦበርን በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትጭንና ስታወርድ ነው የኖረችው፤ ዕረፍት የሚባል ነገር አታውቅም። ደም ግፊትም አለባት። ሐኪሟ ረፍት አድርጊ ሲላት እኔ ደግሞ ከሐኪሙ ብሼ ጨቀጨቅኋትና፣ የሃሴት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ተነሣን።

የሄድንባት ደሴት ሆልቦሽ ትባላለች። መንገዱ ሁሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ወይ በእግሩ ይሄዳል ወይ በትንንሽ የጎልፍ መኪና ይንጎማለላል። ሆቴላችን የሣር ክዳን ያለው ነው፤ ከክፍልህ ስትወጣ እግርህ በቀጥታ አሸዋ ላይ ያርፋል። ቁርስ እስከ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ብጠይቅ "እስክትነሡ" አሉኝ። ባሕሩም የዋህ ነው፤ ብዙ ርቀህ ሄደህ እንኳ ከጉልበትህ አያልፍም። ዋና የማልችለው እኔ እንኳ ደፍሬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሦስታችንም ምንም ሳንሠራ ዋልን፤ አገሬ ግን ምንም አለመሥራት አልለመደባትም፣ የበረንዳውን አሸዋ ስትጠርግ ያዝኳት።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ አበጀ ደወለልኝ። አበጀ የአገሬ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ ለእኔ ደውሎልኝ አያውቅም። ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ተነሥቼ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እናታቸው አርፈው ተቀብረዋል። "አደራ እንዳትነግሪያት፤ በሰው አገር፣ ባሕር ዳር ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ሲያትል ስትገባ ሰው ተሰብስቦ ያርዳት" አለኝ። ወዲያው ደግሞ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሽ ይርጉ ደወሉ፤ እሳቸውም ሰምተዋል። መርዶ በወጉ መነገር እንዳለበት አስረዱኝና "አንቺ ጠንካራ ነሽ ልጄ፤ ፊትሽን ታጠቢና ግቢ" አሉኝ። ሰው ጠንካራ ነሽ ሲልሽ ተሸከሚ ማለቱ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ አገሬ ውሃው ውስጥ ቆማ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ "ሄዋን፣ ነይ እንጂ! ሞቅ ያለ እኮ ነው!" ትለኛለች። ሳቅሁላት። ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አገሬ ለእናቷ ሳትደውል አትውልም። ስልኳ እዚያ የሚሠራው በሆቴሉ ዋይፋይ ብቻ ነበር። እኔም ቀስ ብዬ የሆቴሉን ባለቤት ዶኛ ሉፔን ለብቻዋ ጠርቼ፣ በእኔም በእሷም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገሩን አስረዳኋትና ዋይፋዩን እንድትዘጋልኝ ለመንኳት። ሴትዮዋ ፈጽሞ አልገባትም። ጓደኛሽ ሕፃን ናት ወይ አለችኝ። አይደለችም፣ እንዲያውም ከእኔ ትበልጣለች አልኳት። እናቷ እኮ ናት፣ እንዴት አትነግሪያትም አለችኝ። አገራችን እንዲህ ነው የሚደረገው አልኳት። አማተበችና ገመዱን ነቀለችው። ከዚያ በኋላ ግን አገሬን ዝም ብላ ማለፍ አቃታት፤ ባየቻት ቁጥር ትከሻዋን ትዳብሳለች፣ የተላጠ ማንጎ በሳህን ታመጣላታለች። አገሬ "ይቺ ሴትዮ ምን ነካት? እኔን ብቻ ነው እንዴ የምታየው?" እያለች ስትስቅ እኔ ከአጠገቧ በላብ እጠመቃለሁ።

መደወል ሲያቅታት ቪዲዮ ልቅረጽ አለች። ኔትወርክ ሲመጣ ለእናቷ ልትልክላቸው ነው። የምትቀረጸው እሷ፣ የምቀርጸው እኔ። ውሃው ውስጥ ቆማ እጇን እየዘረጋች "እማዬ፣ አየሽልኝ? ይኼ ሁሉ ውሃ ነው! በሚቀጥለው አንቺን ይዤ ነው የምመጣው" ትላለች። ስልኩ ሲወዛወዝባት "ስልኩን በደንብ ያዢው እንጂ፣ እማዬን ራሷን ልታዞሪያት ነው" ብላ ተቆጣችኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት።

ልጅቷን ግን መያዝ አልቻልኩም። ሃሴት ዋይፋይ የለም ሲባል "ሲሪየስሊ?" ብላ ተነጫነጨችና ጭማቂ ወደሚሸጥበት ቤት ሄዳ ስልኳን እዚያ ከፈተች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። እናቷ ሻወር ውስጥ ነበረች። "ኢዝ ግራንድማ ዴድ?" አለችኝ። አዳማ ያለች የአክስቷ ልጅ የአያቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። ሁለት እጇን ያዝኩና ለእናትሽ እንዳትነግሪ አልኳት። "ሶ... ዩ ዋንት ሚ ቱ ላይ ቱ ማይ ማም?" አለችኝ፤ እናቴን ልዋሻት ወይ ማለቷ ነው። ውሸት አይደለም፣ መጠበቅ ነው አልኳት። አልተቀበለችኝም። ይኼኔ ምነው ባላልኩት የሚያሰኝ ነገር አልኳት፤ እናትሽ ደም ግፊት አለባት፣ ነግረሻት አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው አልኳት። ዓይኖቿ እንዴት እንዳዩኝ አልረሳውም። ለእናቷም አልነገረቻትም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከእናቷ ጉያ አልወጣ አለች። ወትሮ እናቷ ስትነካት "ማም፣ ስቶፕ" የምትል ልጅ፣ እጇን ይዛ አሸዋው ላይ ትሄዳለች፣ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ አልጋዋን ትታ ከእሷ ጋር ትተኛለች። አገሬ ደስታዋ ወሰን አጣ። "ሄዋንዬ፣ ይኼ ባሕር ልጄን መለሰልኝ እኮ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትጨቀጭቂኝ ይህን መቼ አገኘው ነበር" ብላ መረቀችኝ። ሃሴት ከትከሻዋ ላይ ሆና ታየኛለች። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

መርዶው እንደ ደንቡ ማለዳ መሆን ነበረበት፤ ሲያትል ስትገባ ስልኳን መክፈቷ ስለማይቀር ግን ከኤርፖርት እንደደረስን እንዲሆን ጋሽ ይርጉ ወሰኑ። ስልኳ እስከዚያ እንዳይሠራ ቻርጀሯን እኔ ሻንጣ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ኦቴሎ ሰፈር ቤቷ ጋ ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ መኪና ፓርክ ተደርጎበታል። አገሬ በሩ ላይ ሳትደርስ ቆመች። "ይኼ የጋሽ ይርጉ መኪና አይደል?" አለች። ከዚያ ዞራ አየችኝ። "ማን ነው?" አለችኝ። "እማዬ ናት?" አለች። ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበልኳት። "ቪዲዮ ስትቀርጪኝ ታውቂ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ቀጥላ ልጇን አየች፤ ሃሴት ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን ልቅሶ ያኔ ለቀቀችው። ሰው ከቤት ወጥቶ ደገፋቸው። እኔን ማንም አልፈለገኝም፤ ሻንጣዎቹን ይዤ ዝናቡ ላይ ቆምኩ።

ከሁሉ የባሰው ለቅሶው ላይ ነው የተሰማው። እናቷ ከኅዳር ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ። አበጀ ግን ትጨነቃለች ብሎ በደወለች ቁጥር አንዴ "ጉንፋን ነው"፣ አንዴ "ተኝታለች" እያስባለ ነው ያቆያት። አገሬ ይህን ስትሰማ ማልቀሷን አቆመች። "ብትነግሩኝ እኮ በዚያው ፈቃድ፣ በዚያው አውሮፕላን እናቴ ጋ እሄድ ነበር። አሸዋ ላይ ከምንጋለል እጇን ይዤ እቀመጥ ነበር" አለች። ለእኔ ደግሞ በኋላ ለብቻችን ስንሆን "አንቺን ምን እልሻለሁ፣ እኔም ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ። ልጄን ግን ለምን?" አለችኝ። ሃሴት እስከ ዛሬ አታናግረኝም። እናቷ ደህና ነኝ ባለቻት ቁጥር "ፕሮሚስ?" ትላታለች አሉ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ጋሼ። ውሸቱን በደንብ ስለተለማመድኩት ሲዋሹኝ አውቃለሁ። ባለፈው ስደውል "ጸሎት ቤት ሄዷል" አልከኝ። ጉልበቱ ከያዘው ጀምሮ ከግቢ የማይወጣ ሰው፣ በሮብ ቀን በማን እግር ሄደ? እትዬ አጸደን ቤቱን በቪዲዮ አሳዪኝ ስላት ግቢውን አሳየችኝ፣ ኩሽናውን አሳየችኝ፣ የአባባን ክፍል ግን ስልኩን አዙራ አለፈችው። ልዕልትም "አባባ እኮ ሆስ..." ብላ ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ፤ እኔ እንደሆንኩ አልዘጋሁትም።

አልቀየምህም። እንደ አበጀ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያደረግሁት ከፍቅር ነው፣ ያደረግሁትንም አይቼዋለሁ። ግን ፈራሁ። ሥራ ላይ አንድ ሽማግሌ ዊልቸር ላይ ሳስቀምጥ አባባን ማን ያነሣዋል እላለሁ። ጋሽ ይርጉ እንኳን እሁድ ዕለት ሰላም ብለውኝ ትከሻዬን ዳበስ ሲያደርጉኝ ክው አልኩ። ፓስፖርቴን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አለቃዬንም ድንገት ልሄድ እችላለሁ ብዬ ነግሬዋለሁ። ታሞ ከሆነ ታሟል በለኝ፤ በሚቀጥለው አውሮፕላን እመጣለሁ። ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሰውና ስልኩን አፉ ላይ አድርግልኝ። ይቆጣኝ፤ "አንቺ ልጅ፣ አላስተኛ አልሽኝ" ይበለኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

እትዬ አጸደን ሰላም በልልኝ፤ በሩን በማለፏ እንዳልተቀየምኳት ንገራት። ልዕልትዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስትናገር ደግሞ አታስቁሟት። ለእማማ ሰኪና፣ አጥራችንን ለሚጋሩት ጎረቤታችን፣ ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ እሳቸው ውሸት ስለማይችሉ ስደውል ስልኩን ስጧቸው። ለጸሎት ቤቱ ሰዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ለአባባ ደግሞ፣ ካለ ጉልበቱን ሳምልኝና ሄዋን እየመጣች ነው በለው። ከሌለ ግን ጋሼ፣ ሰው አትሰብስብብኝ፤ ወደ ጋሽ ይርጉም አትደውል። ለእኔ ደውልና አንተው በአፍህ ንገረኝ፤ ሁለታችን እናልቅስ።

እህትህ ሄዋን

ቡሪየን፣ ሲያትል
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.