ስኳር በፈረንሳይኛ

ጳጉሜ 4፣ ሐሙስ

ዘጋው! የቀበሌያችን ሊቀመንበር የእትዬ ማርታን ትምህርት ዘጋው። “ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ጅቡቲ ሊኮበልል ያሰበ ነው” ይላል። እኔ ከሐይቁ ማዶ ካለችው ቁንዝላ አልፌ አላውቅ! የምማረው ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ እንግዳ መቀበያው ላይ ለመቆም ነው። እትዬ ማርታ ድሬዳዋ የፈረንሳዮች ሚሲዮን የተማሩ፣ የፋብሪካ ሒሳብ ሹም ሚስት ናቸው። ከእኔ የሚቀበሉት አባዬ የሚያጠምደውን ዓሣ ብቻ ነው።

መጽሐፋቸው የፈረንሳዮችን በዓላት እየተከተለ ያስተምራል። በገና የምግብ ስም፣ በፋሲካ የገበያ ቃላት። የሐምሌው በዓላቸው እንደ እኛ አብዮት በንጉሣቸው ላይ የተነሡበት ቀን ነው። ይህን ለሊቀመንበሩ ብነግረው “ታሾፊያለሽ?” አለኝ።

ጳጉሜ 5፣ ዓርብ

አባዬ “ተይው ልጄ፣ ዓሣ እንደሁ ፈረንሳይኛ አይጠይቅሽም” አለኝ። ሳቅሁ። ግን አልተውም።

ቀኑን ሙሉ አንሶላ እያጠብሁ ቃላት ደገምሁ። ፔን ዳቦ፣ ሳቮን ሳሙና፣ ሱክር ስኳር። “የለም” ማለትንም ሳልሳሳት ያዝሁ።

መስከረም 1፣ ቅዳሜ

እትዬ ማርታ በር ላይ ቆሜ “ቦናኔ!” ብዬ ጮኽሁ። እንኳን አደረሰዎ ማለት ነው። ጎረቤት ይስማ! እሳቸው ግን ጎትተው አስገቡኝ። “ባለቤቴን ከሥራ ያባርሩብኛል፣ ራዚያ” አሉ። እኒህን የመሰሉ ሴት እንዲህ ይፍሩ?

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ራሱ እቤታችን መጣ! ለነገው የአብዮት በዓል ከአንድ ወዳጅ የአፍሪካ አገር እንግዶች ይመጣሉ፤ ከፈረንሳይኛ ሌላ አይሰሙም። እትዬ ማርታን ቢጠይቃቸው አሞኛል አሉት።

“አንቺ ትሞካክሪ የለ?” አለኝ።

“ከለከሉን አይደል እንዴ?” አልሁት። አባዬ ተይ ሊለኝ አውቆ ሳል ሳለ። “ትምህርቱ ይከፈትና እመጣለሁ። ሄደው እንደተፈቀደ ለእትዬ ማርታ ይንገሩልኝ” አልሁ።

ሄዶ ነገራቸው!

መስከረም 2፣ እሑድ

ከሰልፉ በኋላ እንግዶቹን የቀበሌ ሱቅ አስጎበኟቸው። ሱቁ ስኳር ካየ ወራት አልፏል። ዛሬ ግን መደርደሪያው ላይ ባዶ ካርቶን ደርድረዋል። ሽበታሙ እንግዳ ስኳር እንደ ልብ ታገኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለሊቀመንበሩ አስረዳሁት።

“ሞልቷል በይው” አለኝ።

ወረፋ የለመዱ ጎረቤቶቼ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። እንዴት ብዬ ሞልቷል ልበል? ትምህርቱ እንደገና እንደሚዘጋ አውቃለሁ። አፌ ግን አልታዘዝ አለ። ስኳርም ሳሙናም የለም አልሁት፣ በፈረንሳይኛ። እንግዳው ዞሮ ካርቶኖቹን አየ።

“ምን አልሽው?” አለኝ ሊቀመንበሩ።

“የለም አልሁት።” በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ።

መስከረም 3፣ ሰኞ

ዘጠኝ ሰዓት ቀበሌ ቅረቢ ተብያለሁ። ምሳ አልበላሁም። አባዬ ጋቢውን ለብሶ ደጃፍ ተቀምጧል፤ አብሮኝ ሊሄድ ነው። ልከለክለው ሞከርሁ፣ አልሰማኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ ማርታ መጡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። “አጠፋሁ፣ እትዬ?” አልሁ።

“ቀና በይ” አሉኝ። “ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ስምሽን ሲጠሩ የኔንም ይጥሩ።”

የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ባለቤታቸውስ ብላቸው “ነግሬዋለሁ” አሉ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። አሁን ተነሥተናል።